የቆመችው ሊቶሪናና የእኔ ሽማግሌዎች

የምድር ባቡር ሰው ጡረታ ይወጣል እንጂ ከባቡር አይወርድም። ይህን የምለው አጥንቼ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። ሌላው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ትንሽ ያኮርፋል፣ ትንሽ ያመዋል፣ ከዚያ የእድር ሊቀመንበር ሆኖ ያርፈዋል። የባቡር ሰው ግን እንዲህ በዋዛ አይገላገልም። ተኝቶም ይጓዛል። ከድሬዳዋ ተነስቶ ሞጆ ላይ ሲደርስ ሚስቱ ትቀሰቅሰዋለች፤ አዲስ አበባ ሳይገባ መቀስቀሷን ዕድሜ ልኩን ይቅር አይላትም።

ሰው ስለ ባቡር ቅርስ ሲያወራ ስለ ሕንፃው ነው የሚያወራው። ለገሃር ይሄዳል፣ ጣቢያውን ቀና ብሎ ያያል፣ ከፊቱ ካለው አንበሳ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ "ይሄ እኮ ቅርስ ነው!" ብሎ ራሱን ይነቀንቅና ታክሲ ይሳፈራል። እሺ፣ ቅርስ ነው፤ ማን እምቢ አለ? የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ ግን (ባትጠይቁኝም መናገሬ አይቀርም) የምድር ባቡር ትልቁ ቅርስ ድንጋዩም አይደለም፣ ሐዲዱም አይደለም፤ ሰዎቹ ናቸው። ሕንፃ ቢያንስ ዝም ይላል።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረተኛ ባቡር ነጂ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ጎጆ ወጥተው በየአገሩ ተበታትነዋል። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ የሚፈልጉት ጆሮ ያለው ተከራይ ነበር፤ እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ ሁለት አለኝ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አጠገቤ ቆመው አዋሽን ያሻግሩኛል፤ ማታ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቀው ድሬዳዋ ያስገቡኛል። ሲነዱ የኖሩት ሊቶሪና ነው። ሊቶሪና ማለት፣ ላልደረሳችሁባት፣ ጎታች ሳያስፈልጋት በራሷ ሞተር የምትከንፍ የመንገደኛ ባቡር ናት። "የምትከንፍ" ያልኩት እሳቸው እንደዚያ ስለሚሏት ነው። የተሳፈሩባት ሰዎች ሌላ ቃል ይጠቀማሉ።

በዚያው ሰሞን ሶስናን ወደድኩ። ሶስና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በድምፅ ማጉያ የበረራ ሰዓት የምትናገር ልጅ ናት። "ወደ ናይሮቢ የምትሄዱ መንገደኞች" ስትል፣ ናይሮቢ ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው ሁሉ ሻንጣውን ያነሳል። እኔማ ሸኚ ሆኜ ሄጄ ሸኚ ሆኜ ቀረሁ። አባቷ ጋሽ ታምራት ግን የልጃቸው ሥራ እስከዛሬም አልተዋጠላቸውም። እሳቸው ከአዋሽ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሹም ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። ሐዲድ የሌለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ በምን ይታወቃል፣ ይላሉ። የጣቢያዋን ስም አልነግራችሁም፤ እዚያ የተወለደ ሰው አይጠፋም፣ ነገ ተሟጋች ይነሳብኛል።

የጋሽ ታምራት ቤት ቦሌ ሚካኤል ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ቤት ልበለው እንጂ ጣቢያ ነው። በረንዳው ላይ መንገደኛ ሲቀመጥበት የኖረ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። ከበሩ ራስ ላይ የጣቢያ ደወል ተሰቅሏል። ይቺ ደወል ከሥራ ስሰናበት በስጦታ ያገኘኋት ናት ይላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሰጪውን መጠየቅ ነውር ስለሆነ ዝም ይላል። ምሳ ሲደርስ ይደወላል። እንግዳ ሊሄድ ሲነሳ ይደወላል። ሳይደወል የተነሳ እንግዳ እንደገና ይቀመጣል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንግዳውም እየቀነሰ፣ ደወሉም እየቀነሰ ሄዶ ነበር። ሶስና ይህን ስትነግረኝ እንደ ቀልድ ነበር የነገረችኝ፤ እኔም እንደ ቀልድ ሰማኋት።

ሶስናን ሽማግሌ ልኬ ላስጠይቅ ወሰንኩ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን መስቀልም መስጊድም ያውቃል። ስለዚህ አንደኛው ሽማግሌዬ የአባቴ የአክስት ልጅ፣ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚነግዱት ሐጂ ሰይድ ሆኑ። ሐጂ ከተከራከሩ የዕቃው ባለቤት ራሱ ዋጋውን ይጠራጠራል። ሁለተኛው የንስሐ አባቴ መምሬ ናቸው። ሦስተኛውን ስፈልግ ነው ብልጠቴ የመጣው። የልጅቷ አባት የባቡር ሰው ናቸው፤ አከራዬ የባቡር ሰው ናቸው፤ ታዲያ ከዚህ የበለጠ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ለጋሽ ደምሴ የልጅቷ አባት ጡረታ የወጡ የጣቢያ ሹም ናቸው ስላቸው፣ "ኧረ የኛ ሰው ነው!" ብለው ዘለሉ። ስማቸውንም አልጠየቁም። እኛ አገር ሽማግሌ የሚሆን ሰው የልጅቷን ዘር ማንዘር ይጠይቃል እንጂ አባቷ የቱ ጣቢያ እንደነበሩ ማን ይጠይቃል?

በጥቅምት ወር በአንዱ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን፣ መምሬ ጥምጥማቸውን፣ ጋሽ ደምሴ ክራቫታቸውን አድርገው ሄዱ። እኔ አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሻይ አዘዝኩ፣ በረደብኝ። ሌላ አዘዝኩ፣ እሱም በረደ። ቀኑ ሊመሽ ሲል መጡ። ጋሽ ደምሴ ክራቫታቸው ዞሮ ትከሻቸው ላይ ነው፤ ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ መምሬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል፤ ሲጠጉ ለካ እየሳቁ ነው። እሺ አሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሐጂ ትንፋሽ ወስደው፣ ቆይ ቁጭ በል ልጄ፣ አሉኝ። ቁጭ በል የተባለ ሰው ደግ ነገር አይሰማም።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። በወጉ መሠረት በር ላይ ቆመው፣ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለዋል። ሐጂም፣ የመጣንበት ጉዳይ ትልቅ ነው፣ ብለው ጀምረዋል። ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን ጠራርገው አንድ በአንድ ሲያዩ፣ ጋሽ ደምሴ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። "አንተ ነህ?" አሉ። ጋሽ ደምሴም፣ "አንተ ነህ እንዴ?" አሉ። ሐጂ የድሮ ወዳጆች ተገናኙ ብለው አላህን አመሰገኑ። ምስጋናቸውን ሳይጨርሱ ጋሽ ታምራት ጣታቸውን ቀስረው፣ እግዜር ካገናኘን ዘንዳ ንገረኝ እስቲ፣ ያን ቀን የት ነበርክ፣ አሉ።

ያን ቀን የተባለው እኔ ከመወለዴ በፊት ያለ ቀን ነው። የጋሽ ደምሴ ሊቶሪና ከነመንገደኛዋ ጋሽ ታምራት ጣቢያ ላይ ቆማ ዋለች። ለምን ቆመች? ጋሽ ታምራት እንደሚሉት፣ ደወሉ ተደውሏል፣ ባንዲራው ወጥቷል፣ ነጂው ግን የለም፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ይጠጣል። ጋሽ ደምሴ እንደሚሉት፣ ነጂው መቀመጫው ላይ ነበር፤ ደወል የሚባል ነገር ግን አልሰማም፤ ሹሙ ቢሮው ውስጥ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ተወቅሰዋል፣ ሁለቱም ያለ ጥፋቴ ነው ብለዋል፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታም አልነበራቸውም። ሽማግሌዎቼ ደጅ ላይ እንደቆሙ፣ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ባቡሩን እንደገና አቆሙት። መምሬ በመካከል፣ "የመጣነው ለልጅቷ" ለማለት ሲሞክሩ፣ ጋሽ ታምራት እጃቸውን አንስተው፣ አባቴ ይጠብቁኝ፣ ይሄ ይቅደም፣ አሏቸው። በመጨረሻ ደወሏን ደወሉና፣ ጉዳዩ አላለቀም፣ እሁድ ተመለሱ፣ ብለው ሸኟቸው።

ሶስና የሚል ስም ተነስቷል ወይ ብዬ ሐጂን ጠየቅኋቸው። ማን ያስነሳናል ብለህ ነው ልጄ፣ አሉኝ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ሳሩ እኔ ነበርኩ፤ ያውም ሁለት ሻይ የበረደበት ሳር።

በዚያ ሳምንት ሌላ ጉድ መጣ። ሶስና ቢሮዬ ደወለችልኝ። በድምፅ ማጉያ ያ ሁሉ መንገደኛ የምታንቀሳቅስ ልጅ በስልክ ድምፅዋ ጠፍቶባት ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ፎቅ የሚያሠራ አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ በላንድክሩዘር መጥተው በር ላይ ቆመዋል አለችኝ። እኔ የምኖረው ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ የምሄደው በሚኒባስ ታክሲ፣ ተስፋዬ ያለው ደግሞ በአንዲት የቆመች ሊቶሪና ላይ! ስልኩን ገልብጬ ሰቀልኩት። አለቃዬ ሰው ሞተብህ እንዴ ብለው ጠየቁኝ፤ ገና ነው አልኳቸው።

እግዜር ሲረዳ ግን በደንብም ይረዳል። እዚህ ላይ አንድ የባቡር ደንብ ልነግራችሁ ነው፤ አትሰልቹ፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። የድሮው ሐዲድ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ወጪም ወራጅም በዚያው ነው። ስለዚህ አንድ ባቡር ከአንዱ ጣቢያ ከወጣ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ሹም ስልክ ደውሎ ደርሷል፣ መስመሩ ነፃ ነው እስኪል ድረስ ሌላ ባቡር፣ የንጉሥም ይሁን፣ ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ታምራት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁ የኖሩት ይህን ነው። ታዲያ የነጋዴው ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን ሲከፍቱ፣ ክፍት አይደለም፣ ብለው ቁጣ ሳይጨምሩ መለሷቸው። ከእናንተ በፊት የገባ አለ፣ ገና አልወጣም፣ መስመሩ ተይዟል፣ አሏቸው። ሰዎቹ ምን እንደተባሉ ሳይገባቸው በላንድክሩዘራቸው ተመለሱ። እኔ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የምድር ባቡርን ደንብ ከልቤ ባረክሁ።

በሁለተኛው እሁድ ሐጂ ሰይድ ነገሩን እንደ ገበያ ያዙት። ጥፋቱን ሁለቱ እኩል ይካፈሉ አሉ፤ ሁለቱም እምቢ አሉ። ሦስት እጁን አንተ፣ አንድ እጁን አንተ ቢሉ፣ ጋሽ ደምሴ አንድ እጅ ቀርቶ ጣትም አልወስድም አሉ። ሐጂ በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ገዢና ሻጭ ካልተስማሙ ለሦስተኛ ሰው ማሸጋገርን ያውቃሉ። እስቲ፣ ግመል አልነበረም ወይ፣ ብለው ጠየቁ። የት? ሐዲዱ ላይ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። በዚያ በረሃ ግመል የማይኖርበት ቀን አለ እንዴ? ጋሽ ታምራት ጥቂት አሰቡና፣ አንድ ግመል ነበር መሰለኝ፣ አሉ። ጋሽ ደምሴም፣ ትልቅ ግመል ነበር፣ አሉ። ከዚያ ምን ይጠይቃል! ግመሉ በሌለበት ተከሶ፣ በሌለበት ተፈረደበት። መምሬ ይቅር ለእግዚአብሔር አስባሏቸው፣ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ዶሮ ወጥ ቀረበ፣ ለሐጂ ሽሮ፣ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ደወል ተደወለ፣ ሽማግሌዎቼ ደስ ብሏቸው እየተጫወቱ አስፋልቱ ድረስ መጡ።

ከሻይ ቤቱ ብድግ ብዬ ተቀበልኳቸው። እንኳን ደስ አለህ አለኝ ጋሽ ደምሴ፤ ደስታው አንቱታውን ሁሉ አስረስቶኝ ነው እንዲህ የጻፍኩት፣ ይቅር በሉኝ፣ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። ሰጡን ማለት ነው፣ አልኩ። ሦስቱም ቀጥ ብለው ቆሙ። ሐጂ ወደ መምሬ ዞሩ፣ መምሬ ወደ ጋሽ ደምሴ፣ ጋሽ ደምሴ ወደ አስፋልቱ። "ያ ረቢ!" አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። ልጅቷን ረስተዋታል።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሽማግሌ ልኮ በግመል ክስ የሚረታ ሰው ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ጠቡ ከበረደ በኋላማ ነገሩ ይፋጠናል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በሦስተኛው እሁድ ሐጂ ልጅዎን ለልጃችን ብለው በግልጽ ጠየቁ። ጋሽ ታምራት፣ ልምከርበት፣ እሁድ ተመለሱ፣ አሉ። መልካም፣ ወጉ ነው፤ በአንድ ጊዜ እሺ ያለ አባት ልጁ የከበደችው ያስመስልበታል። በአራተኛው እሁድም ልምከርበት ነው። በአምስተኛውም። ታኅሣሥ መጣ፣ ልምከርበት። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከተማው በክላክስ ሲታመስ እኔ ሻይ ቤት ነኝ። ያ ነጋዴ እንኳ ጥር ላይ ሌላ አግብቶ ጨርሷል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሳልጠይቃት እሁድ እሁድ ወንበር ትይዝልኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሴን ልለምናቸው ቤታቸው ገባሁ። ጋሽዬ፣ ነገ እንኳ ትንሽ ገፋ አድርጉልኝ፣ ልል ነው። ሳያቸው ጫማቸውን ቀለም ቀብተው ከመስኮቱ ሥር አሰልፈውታል፤ ሱፋቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ፤ እያፏጩ። ጠረጴዛው ላይ ለጋሽ ታምራት የሚያሳዩት የወጣትነት ፎቷቸው ተቀምጧል። ልመናዬን ሰምተው ካውያውን ሳያስቀምጡ፣ ልጄ፣ ትዳር በችኮላ አይሆንም፣ አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ጭራሽ መግፋት አይፈልጉም! የእኔው ሽማግሌ ከእኔ ጋር አይደሉም!

እስኪመሽ እንኳ አልቆየሁም፤ በዚያው ሰዓት ሶስናን ቦሌ ኬክ ቤት አገኘኋትና ነገርኳት። ተናድጃለሁ፤ ሁለት ሽማግሌ ተመሳጥረው በትዳሬ ይጫወታሉ አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አባቷ እሁድ በጠዋት ተነስተው ግቢውን ራሳቸው እንደሚጠርጉ ነገረችኝ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እሁድ ጺማቸውን ተላጭተው አያውቁም ነበር፤ አሁን ይላጫሉ። አሁን ምሽት ላይ ብቻቸውን ሆነው ይስቃሉ አለችኝ፤ ድሮ፣ እናቷ ሳሉ የምታውቀውን ሳቅ። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ስወጣ ያ ቤት ማን ይቀርለታል፣ አለች። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሶስናን ፈልጌ አባቷን ባዶ ቤት ልተው እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት አላሰብኩትም ነበር። አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ። ማዘን ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ሁለታችንም ኬካችንን ሳንበላ ወጣን።

የጾም ቅበላ እሁድ ደረሰ። ሐጂ ሰይድ ያን ቀን በቃኝ ብለው ነው የሄዱት። አቶ ታምራት፣ አሏቸው በር ላይ እንደቆሙ፣ በርበሬ እንኳ ይህን ያህል አይከርምም፤ ሾላ ላይ ሥራዬ ተበላሸ፤ ዛሬ ወይ ይስጡን፣ ወይ ይከልክሉን። ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ ወለሉን ያያሉ። ከዚያ ጋሽ ታምራት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሰጠኋችሁ እኮ እሁድ የሚመጣ የለም፣ አሉ። መምሬ፣ ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ የልብዎን ይናገሩ፣ አሏቸው።

ጋሽ ታምራት ኮታቸውን ቆለፉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፣ አሉ። ግን ጥሎሽ አለኝ። ጥሎሽ ሲባል ሐጂ ለክርክር እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ወርቅ እንዳይሆን ፈርተው ነበር። ወርቅ አይደለም፣ አሉ ጋሽ ታምራት። የሶስና ክፍል ሊለቀቅ ነው፤ ጥሩ ክፍል ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል። ደምሴን ስጡኝ፣ አሉ።

ሐጂ የሰበሰቡትን እጅጌ መልሰው አወረዱ። ጋሽ ደምሴ ግን ወግ አዋቂ ናቸው። የሙሽራውን ወገን ሳላማክር አልመልስም፣ ብለው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ተመለሱና፣ ወገናችን ተስማምቷል፣ አሉ። የሙሽራው ወገን ማለት እኔ ነኝ። ሻይ ቤት ነበርኩ።

በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ሠርግ የለም፤ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጠብቁ ተባልን፤ ጠበቅን። ጋሽ ደምሴ ግን የዚያኑ ሰኞ፣ ቤታቸውን ለእኔና ለሶስና ለቀው፣ ክፍሏ እስኪለቀቅ ሳሎኑ ይበቃኛል ብለው፣ አልጋቸውን በፒካፕ አስጭነው ቦሌ ሚካኤል ገቡ። ዕቃቸውን ያወረድኩትም፣ መጋረጃቸውን የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ሶስናን የወደድኩት እኔ፣ ሽማግሌ የላክሁት እኔ፣ አምስት ወር ሻይ ሲበርድብኝ የከረመው እኔ። ቀድመው ጎጆ የወጡት ግን እነሱ ናቸው።